የዓሣው ነገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

ይህን ዓምድ የማዘጋጀው ማታ ማታ ነው። ቀን በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ዘንድሮ 19 ዓመት ሞላኝ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም የወጣቶች ጉዳይ ናቸው። ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገር አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል ይማራል። ከጥምቀት ወዲህ ልጄን አጣሁት። ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን በር ላይ ይጥልና ይተኛል። ለራት ስጠራው ‹ተይኝ› ይለኛል። እሑድ ኳስ ሳይጫወት የማይውል ልጅ ነበር፤ አሁን ኳሱ አልጋ ሥር አቧራ ለብሷል። ራሴን ያመኛል ስላለ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ጨርሶም ለውጥ የለውም። ታናሽ እህቱን በሆነ ባልሆነው ይጮኽባታል። አባቱ ስንፍና ነው፣ ስልክ ነው ያበላሸው ብሎ ስልኩን ቀማው። ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ይላል። ምን ይሻለኛል? የልጅ እናት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ።»

ከፊርማው በታች ቀለሙ በተለየ እስክሪብቶ ይህ ተጽፏል፦

«ይቅርታ፣ ይህን ረስቼው ነው። ይጠቅም እንደሆነ እንጃ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ለአሥር ቀን ያህል እምብዛም አይተኛም ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግቢ ሲጠርግ፣ አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤት ባጃጅ ሲያጥብ አገኘሁት። ቀን አይደክመውም፤ ወሬው አይቆምም። የዕቁብ ብሬን 14,000 ብር ወስዶ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዛና ለሰፈሩ ሁሉ አደለ። የዓሣ ድርጅት ከፍቼ ኬንያ ድረስ እልካለሁ ይል ነበር። ሰው ሁሉ የተባረከ ልጅ ብሎ መረቀው። ብሩ ቢያናድደኝም እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።»

መልስ

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ሁለቴ ከታች ወደ ላይ። «ረስቼው ነው» ብለው የጨመሯት አንቀጽ ከላይ ከጻፉት ሁሉ ትበልጥብኛለች። ስለዚህ ከዓሣው ልጀምር።

ልጁ አልጋ ላይ ስለዋለ፣ ስላለቀሰ፣ ምግብ ስለተወ ይዞት የመጣ ወላጅ ስፍር ቁጥር የለውም። «የልጄ ደስታ በዛብኝ» ብሎ የመጣ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከፍታውን ማንም አይነግረንም። ለምንስ ይነግረናል? ልጁ ሳይታዘዝ ግቢ ይጠርጋል፣ ያለውን ያድላል፣ ይቀልዳል፣ ያስቃል። በእኛ ሀገር እጁ የተዘረጋ ልጅ ይመረቃል እንጂ አይመረመርም። ቤተሰብ ወደ እኛ የሚመጣው ከፍታው መስኮት ሲሰብር ወይም ዝቅታው አልጋ ላይ ሲያስቀር ብቻ ነው።

ያሳሰበኝ የዕቁቡ ብር አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ ሞኝነት ይሠራል፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ያደረግኩትን እናቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ያሳሰበኝ እንቅልፉ ነው። ጭንቀት እንቅልፍ የነሣው ሰው ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰውነቱ ዝሎ ይነሣል፤ ቀኑን እያዛጋ ይውላል። ልጅዎ ግን እርስዎ እንዳሉት አይደክመውም ነበር። እንቅልፍ አምሮት ያጣ ልጅ አልነበረም፤ እንቅልፉን አልፈለገውም። በዚህ ላይ የማይቆም ወሬ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ዕቅድና የማይሳሳ እጅ ሲጨመር እኛ ባለሙያዎች ጆሯችን ይቆማል።

ባይፖላር የሚባለው ሕመም በሁለት ጫፍ ይመላለሳል፤ አንዱ ድባቴ የሚባለው ከባድ የስሜት ዝቅታ ነው፣ ሌላው ሐኪሞች ማንያ የሚሉት የስሜት ከፍታ። ማንያ ለመባል ከፍታው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በየቀኑ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል መቆየት አለበት፤ ሰውየው ሆስፒታል እስኪተኛ ከበረታበት ግን ሳምንቱ አይጠበቅም። ቀለል ላለው ዓይነት፣ ለሃይፖማንያ፣ አራት ቀን ይበቃል። በመካከሉ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት፣ ሰውየው ደህና ሆኖ ይኖራል። ይህን የማነሣው ጠዋት ስቆ ማታ የሚኮሳተርን ልጅ ሁሉ «ባይፖላር ነው» ማለት በከተማችን ስለበዛ ነው። እሱ ጉርምስና ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል።

ልጅዎ ይህ ሕመም አለበት እያልኩ አይደለም። በደብዳቤ ሕመም አይለይም። ይህ የዓሣ ነገር ግን ሐኪም ፊት ሳይነገር መቅረት የለበትም።

አሁን ወደ ላይኛው ጽሑፍ። ወጣቶች «ደበረኝ» ሲሉ እንሰማለን፤ መብራት ሲጠፋም ደበረኝ ነው፣ ሒሳብ ሲበዛም ደበረኝ ነው። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ልጁ የምሩን ሲናገር የሚሰማው የለም። ድብርት ከጓደኛ ጋር ሲወጡ፣ ጥሩ ምግብ ሲቀርብ ይለቃል። ድባቴ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዞ የሚቆይ፣ ይወዱት የነበረውን ነገር ጣዕም የሚያሳጣ፣ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሐሳብ መሰብሰብን የሚያናጋ ሕመም ነው። በልጆች ላይ ደግሞ መልኩ ያሳስታል። አዋቂ ያዝናል፣ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ይቆጣል። በእህቱ ላይ የሚጮኸው ጩኸት ምናልባት የእርስዎ ልጅ ሐዘን የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ራስ ምታቱም የፈጠራ አይደለም፤ ድባቴ በራስ፣ በሆድ፣ በጀርባ በኩል ይገባል። ስለ ታይፎይዱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በሽታው በሌለበትም «አለ» ማለት ያበዛል፤ በሀገራችን የራስ ምታት ሁሉ ማረፊያ ሆኗል። በምትኩ ሐኪሙ የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ምርመራ ቢያዝለት መልካም ነው፤ ሁለቱም ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ።

የዓሣውን ነገር ለምን ይህን ያህል እንዳከረርኩት ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ እናቷ ደግፋ አመጣቻት። ታለቅሳለች፣ ትተኛለች፣ አትበላም። ድባቴ ነው አልን፤ ፍሉኦክሴቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ እየሳቀች መጣች፤ «ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ ዳነች።» ደስ አለኝ፤ ኩራትም ነበረበት። በአራተኛው ሳምንት ልጅቷን ሌሊት በባዶ እግሯ፣ በአስፋልቱ መካከል ቆማ ለመኪኖች ስትሰብክ ፖሊስ ይዟት መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ታላቅ እህቷ ያወራችን፤ ልጅቷ ከአንድ ዓመት በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊቱን እየዘፈነች አንሶላ ታጥብ ነበር። ታሪኩ ቤታቸው ውስጥ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ እነሱም ደስታ ሕመም ይሆናል ብለው አላሰቡም። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደ ከፍታው ሊገፈትረው ይችላል። ልጅቷ ተርፋለች፤ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ስመረምር «እንቅልፍ ሳትተኛ ያልደከመህ ጊዜ ነበር?» ሳልል ወረቀቱን አልዘጋም።

እንግዲህ የሚያደርጉት። ልጁን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት፤ እዚሁ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ሲገቡ ወሬውን ከጥምቀት አይጀምሩ፣ ከነሐሴ ይጀምሩ። ያቺን አንቀጽ እንዳለች ገልብጠው ለሐኪሙ ይስጡት። በአባቱም ሆነ በእርስዎ ወገን «አንዳንዴ ያመዋል»፣ «ሲነሣበት ሀገር ለቆ ይሄዳል» የሚባል ሰው ካለም ይናገሩ፤ ሕመሙ በቤተሰብ ይወርዳል። ሕመሙ ያለበት ወንድም ወይም ወላጅ ያለው ልጅ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ እንዲህ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ አይያዙም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ አንድ ደብተር ይግዙለት። እርስዎ አይጻፉበት፤ እሱ ይጻፍ። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ሰዓት ተነሣሁ፣ ዛሬ ስሜቴ ከአሥር ስንት ነው። አንድ በሕክምና የምከታተለው ልጅ አለኝ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ደብተሩን ሳየው ለ11 ቀን ተከታትሎ «2» ጽፎ በ12ኛው ቀን «2፣ ግን ሻይ ጠጣሁ» ብሎ ነበር። በዚያች ሻይ ነው ሥራ የጀመርነው። ደብተሩ ለከፍታም ያገለግላል፦ የእንቅልፍ ሰዓቱ ከሰባት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሦስት ሲወርድ ልጁ ራሱ ያየዋል፤ ያኔ ሐኪም ቤት መሄድ የዕቁብ ብር ከመጥፋቱ በፊት ይሆናል። ብሩን በተመለከተም ደህና በሆነበት ጊዜ ከእሱው ጋር ይስማሙ፤ «እንዲህ ስትሆን ብሩ አክስትህ ዘንድ ይቀመጣል» ብለው። ከፍታው ከመጣ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

አባቱን አይጣሉት። ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ማደሩ ትክክል ነው፤ እንቅልፍ ይጠብቃል። ለስንፍናው ቅጣት ተብሎ መቀማቱ ነው ስሕተቱ፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የቀረችውን ክር ይበጥሳል። ይህን እኔ እንዳልኩ ይንገሩት፤ ባሎች ከሚስታቸው ይልቅ ከመጽሔት መስማት ይቀላቸዋል።

ጸበልም ይሁን ጸሎት ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ክኒኑን ግን «እምነትህ ጎደለ» ብሎ የሚያስጥለው ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ይቁሙ። መድኃኒት በጀመሩ በስድስት ወራቸው እንዲህ ተብሎ አቋርጠው የተመለሱትን ልጆች የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ሊቲየም ካዘዘለት አይደንግጡ። ሊቲየም ከምድር የሚወጣ ጨው ነው፤ ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ማንያን እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ1949 ካሳወቀ ወዲህ እስከ ዛሬ ከሥራ አልወጣም። ጠባዩ ግን ጨዋታ አያውቅም፤ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው ይለካል። ናሙናው የሚወሰደው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ያህል በኋላ ስለሆነ ጠዋት ሳይውጥ ይምጣ። ኩላሊትና የእንቅርት እጢም ይታያሉ። በሐዋሳ ሙቀት ኳስ ሲጫወት ውኃ ይጠጣ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ሐኪሙ ይነገረው። ለራስ ምታቱ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት አይግዙለት፤ ሊቲየምን በደም ውስጥ ያስጠራቅማሉ። የጾም ነገር ከመጣም ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ከዚህ መድኃኒት ጋር ስለማይሄድ ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም አስቀድሞ ማማከር ነው። እጁ ከበድ ብሎ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ አፉ ከተኮላተፈ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። እግረ መንገዴን ሴት ልጅ ላላችሁ እናቶች፦ ለዚሁ ሕመም የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ክፉኛ ይጎዳል፤ ለሴት ልጅ ሲታዘዝ ሌላ አማራጭ የለም ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ማታ፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ መሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ይህ ቃል ከእናት አፍ አይወጣም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ካለበት ግን ብቻውን ከመሸከም ያድነዋል። «አዎ» ካለ አይጩኹ፣ አይምከሩ፤ እጁን ይያዙት፣ ብቻውን አይተዉት፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ይሂዱ። «አይ» ቢልም በቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ተቆልፎበት ይደር።

ጥያቄ

«ሲስተር፣ 17 ዓመቴ ነው፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። ድባቴ ነው ተብሎ ፍሉኦክሴቲን ከጀመርኩ 16 ቀኔ ነው። ያቅለሸልሸኛል እንጂ ምንም አልተለወጠም። ጓደኛዬ ሱስ ያስይዛል፣ ተዪው ትለኛለች። ከትምህርት በኋላ ሁሉም ሐይቁ ዳር ሲሄዱ እኔ ቤት እገባለሁ፤ ምክንያት መፍጠር ሰለቸኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ብሔራዊ ፈተና አለብኝ፤ ከአሁኑ እንደማልችለው አውቃለሁ።»

መልስ

ልጄ፣ አስቀድሜ ለላይኛዋ እናት እንዲጠይቁ ያልኳቸውን አንቺንም እጠይቅሻለሁ። እንደዚያ ልጅ ሳትተኚ የማይደክምሽ፣ ሐሳብሽ የሚሮጥበት፣ «ምን ነካት?» የተባልሽበት ጊዜ ነበረ? ከነበረ ወይም መድኃኒቱን ከጀመርሽ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማሽ ነገ ለሐኪምሽ ንገሪው። እንዲሁም መሞትን ታስቢያለሽ? በዕድሜሽ ላሉ ወጣቶች ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፎ አልፎ ዕረፍት የማጣትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያባብስ ስለሚችል ነው የምጠይቅሽ። ለአንድ ትልቅ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፤ ለእናትሽ መናገር ካቃተሽ ይህን ገጽ አሳያት።

አሁን ስለ 16ቱ ቀን። እናትሽ ሊጥ ስታቦካ አይተሻል። በማግሥቱ ልጋግር ብትል አፍለኛ ይሆናል፤ ማንም በሊጡ አይፈርድም፣ ቀኑ አልደረሰም ይላል እንጂ። ፍሉኦክሴቲንም እንዲሁ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ይፈልጋል። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚበረታ ነውና አሁን እየለቀቀሽ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ከቁርስ በኋላ ውሰጂው። የሚያሳዝነው የመድኃኒቱ ክፉ ጎን ቀድሞ፣ መልካም ጎኑ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ብዙ ልጆች የሚያቋርጡት በዚህ መካከል ነው።

ሱስ አያስይዝም። ሱስ ማለት መጠን እየጨመርሽ የምታሳድጂው አምሮት ነው፤ ለፍሉኦክሴቲን አምሮት ያለው ሰው አላየሁም። በድንገት ማቋረጥ ግን ያዞራል፣ ያነጫንጫል፤ ከዚያም የሚከፋው ሕመሙ መመለሱ ነው። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ትቀጥያለሽ፤ ሲቆምም ከሐኪምሽ ጋር ነው። ጓደኛሽ ክፉ አይደለችም፤ ያልጠየቀችውን ነገር ነው የምታውቀው።

ስለ ሐይቁ። ድባቴ «ሲሻልሽ ትሄጃለሽ» ይልሻል። ውሸቱን ነው፤ መሻሉ የሚመጣው ሄደሽ ነው። ነገር ግን ከስምንት ሰው ጋር እስኪመሽ ተቀመጪ አልልሽም። ከአንዷ ጋር፣ ለ15 ደቂቃ፣ ሰዓት ይዘሽ ሂጂ። መሳቅ አይጠበቅብሽም። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉላቸውን ትርፍራፊ ሲሻሙ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ተመልከቺ፤ እነሱም ተኮሳትረው ነው የሚውሉት፣ ማንም «ምን ሆናችሁ?» አይላቸውም። ደቂቃው ሲሞላ ተመለሺ፤ ያልሽውን አደረግሽ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 20 ይሁን።

ለጓደኞችሽ ሁሉንም መንገር የለብሽም። ለምታምኛት ለአንዷ ይህን በዪ፦ «ድባቴ የሚባል ሕመም ይዞኛል፣ እየታከምኩ ነው። ዝም ስል ጠልቼሽ አይደለም።» ከዚያ የሚሆነውን ጠብቂ። እኔ ካየሁት ሲነገራቸው ከሚርቁት ይልቅ «እኔም እኮ…» የሚሉት ይበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ነው የሚጀምረው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻሽን አይደለሽም ማለት ነው።

ፈተናውን በተመለከተ አልዋሽሽም፤ ከባድ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የማነሣው ላስፈራሽ አይደለም፤ ሀገር ሙሉ የተቸገረበትን ነገር ድባቴሽ የአንቺ የብቻሽ ድንቁርና አስመስሎ እንዳያሳይሽ ነው። «እንደማልችለው አውቃለሁ» የሚለው ድባቴሽ ነው። አሁን ያለብሽ ጥናት በቀን 25 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ዕረፍት። ሌሊት አታጥኚ። «ያነቃል» ብሎ ጫት የሚያቀርብልሽ ካለ እምቢ በዪ፤ የሚወስድብሽ እንቅልፍ አሁን ከማንኛውም ምዕራፍ ይበልጥብሻል።

ጥያቄ

«መምህር ነኝ። የአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ሳርም ከኋላ ገጹ ላይ በትናንሽ ፊደላት ‹መኖር ደከመኝ› የሚል አገኘሁ። ለርእሰ መምህሩ ላሳይ? ለቤተሰቡ ልደውል? ወይስ እንዳላየሁ ልለፍ? የወጣት ቅኔ ሊሆን ይችላል ብዬም አሰብኩ።»

መልስ

ለዚህ ደብዳቤ መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅኩም፤ በዚያው ቀን ለመምህሩ ደወልኩ። እዚህ የማሰፍረው ለሌሎች መምህራን ነው።

ቅኔ መሆኑን ማወቂያው መጠየቅ ነው። በክፍል ፊት አይደለም፣ በቢሮም አይደለም፤ ልጁ ቢሮ ሲጠራ ጥፋት ያሰላስላል። በዕረፍት ሰዓት፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የማይናገረውን ጎን ለጎን ሲሄዱ ይናገራል። «የጻፍከውን አየሁ። ራስህን ስለመግደል ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ ነው። ምስጢር እጠብቃለሁ የሚል ቃል አይግቡለት፤ «ለሚረዳህ ሰው ብቻ እነግራለሁ፣ ከመናገሬ በፊትም ለአንተ እነግርሃለሁ» ይበሉት። ለቤተሰቡ ከመደወል በፊት ቤት ውስጥ የሚፈራው ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ግድ ነው፤ ሁሉም ቤት መጠለያ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ይወቅ፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን አይወቅ።

መምህሩ በሳምንቱ መልሶ ደወለልኝ። ልጁ ጥያቄውን ሲሰማ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ሄደ፤ ከዚያ «ደብተሬን ለማን አሳዩት?» አለ። ለማንም አለማሳየታቸውን ሲነግሩት የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። አጎቱን አስጠርተው ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ልጁ በመንገድ ሁሉ ቃል አልተነፈሰም፤ ሲመለሱ ግን፣ ፒያሳ ሲደርሱ፣ ወደ መምህሩ ዞር ብሎ የነገው የቤት ሥራ የቱ ገጽ እንደሆነ ጠየቃቸው።